የዓሳ ወጥ አሠራር፦ ዓሳው ሳይፈርስ፣ ወጡ ሳይቀጥን

«ዶሮ ወጥ አሳምሬ እሰራለሁ። ዓሳ ወጥ ላይ ስደርስ ግን ዓሳው ድስቱ ውስጥ ይበታተንብኛል፤ ምን ላድርግ?» ጾም በቀረበ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል። አንዳንዱ ከአዲስ አበባ ነው፣ አንዳንዱ ከአሜሪካ፣ አንዳንዱ ከዱባይ። መልሱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ዶሮ ከቁሌቱ ጋር አብሮ መቆየት ይችላል፤ ሥጋው ጊዜ ይፈልጋል። ለዓሳ ግን እንደ ውፍረቱ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በርበሬ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ግማሽ ሰዓት ያህል መብሰል አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ከጣዳችኋቸው ወይ ዓሳው ይፈርሳል፣ ወይ በርበሬው ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ ወጡ ያለ ዓሳው ሙሉ በሙሉ ይለቅ። ዓሳው መጨረሻ ላይ ይግባ። ከገባ በኋላ ማማሰያ አይንካው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

የትኛው ዓሳ ይሻላል?

አገር ቤት ላላችሁ፦ ቆሮሶ በየቦታው ይገኛል። ሥጋው ስስና ለስላሳ ነው፤ ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይፈርሳል። ከጫሞና ከአባያ የሚመጣው ናይል ፐርች ወፍራምና ጠንካራ ሥጋ አለው። ለወጥ ምረጡ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። አምባዛም ለወጥ ይሆናል፤ ስቡ በዛ ስለሚል ወጡን ወዝ ይሰጠዋል፣ ጽዳቱ ግን ሥራ አለው። ዝዋይ አካባቢ ዱባ የሚሉት ዓሳ ጣፋጭ ነው፤ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰገው ቀጫጭን አጥንት ስለሚበዛ ለልጆች አይመከርም።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ አሜሪካና አውሮፓ ቲላፒያ ተብሎ የሚሸጠው የቆሮሶ ዘመድ ነው። እስራኤል አምኑን የሚሉትም እንዲሁ። አሜሪካ ካትፊሽ የአምባዛን ቦታ ይተካል። ዱባይና ኳታር ያላችሁ ሃሙር ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ፤ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ወጥ ውስጥ ቅርጹን ይዞ ይቆያል።

ትኩስ ዓሳ ስትገዙ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደልም ይሁን ሰፈራችሁ ያለው ዓሳ ቤት፣ እነዚህን እዩ፦

- ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን። የደፈረሰና የሰመጠ ዓይን የቆየ ዓሳ ምልክት ነው።
- ጉንጩን ከፍ አድርጋችሁ መተንፈሻውን ተመልከቱ። ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ተዉት።
- ሥጋውን በጣት ጫን አድርጉት። ወዲያው ከተመለሰ ትኩስ ነው። የጣታችሁ ምልክት ከቀረ ሰንብቷል።
- አሽትቱት። ትኩስ ዓሳ ውሃ ውሃ ይሸታል። አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ካለው የትኛውም ሎሚ አያድነውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ6 ሰው)

- 1 ኪሎ አጥንቱ የወጣለት ዓሳ (ፊሌቶ)። ከነአጥንቱ የሚሰራ ከሆነ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ
- 800 ግራም ቀይ ሽንኩርት (7 ወይም 8 መካከለኛ ፍሬ)
- 150 ሚሊ ሊትር ዘይት (10 ሾርባ ማንኪያ)፣ ዓሳውን ለመጥበስ ደግሞ 3 ሾርባ ማንኪያ ለብቻ
- 4 ሾርባ ማንኪያ በርበሬ። የማያቃጥል የምትወዱ 2 ተኩል አድርጉት
- 1 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ሁለቱም የተወቀጡ
- 1 ሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ (ባይኖርም ይሆናል)
- 2 ሎሚ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ
- ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ አብሽ
- ጨው
- ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር የፈላ ውሃ ወይም የዓሳ አጥንት መረቅ

ከዕቃ፦ ሰፋ ያለ ወፍራም ድስት፣ መጥበሻ፣ ማማሰያ፣ ሹል ቢላ፣ ንጹህ ጨርቅ ወይም የወጥ ቤት ወረቀት።

ድስቱ ሰፊ ይሁን የምለው ዓሳው ሳይደራረብ በአንድ ረድፍ እንዲተኛ ነው። ጠባብ ድስት ውስጥ ሲደራረብ ከታች ያለው እየፈረሰ ከላይ ያለው ጥሬ ይሆናል። እሱን ለማስተካከል ደግሞ ማማሰል ይመጣል፤ ያኔ ሁሉም ይበታተናል።

ደረጃ 1፦ ዓሳውን ማጽዳት

ፊሌቶ ከገዛችሁ ይህን ደረጃ ቶሎ ታልፉታላችሁ። በጣታችሁ ዳሰስ አድርጋችሁ የቀረ አጥንት ካለ አውጡ፣ አንዴ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ በቃ።

ሙሉ ዓሳ ከሆነ ቅርፊቱን ከጭራው ወደ ራሱ በቢላ ጀርባ ፋቁት። ክንፎቹን ቁረጡ። ሆዱን ስትከፍቱ ቢላውን ጠለቅ አታድርጉት። ሐሞቱ ከፈሰሰ ሥጋው ይመራል፤ የነካውን ቦታ ቆርጦ ከመጣል ሌላ መፍትሔ የለውም። ቆሮሶ ሆዱ ውስጥ ጥቁር ስስ ሽፋን አለው። እሱን በጨውና በጣት አሽታችሁ ሙልጭ አድርጋችሁ አንሱት፣ እሱም ምሬት አለው። ከአከርካሪው ጎን ተጣብቆ የሚቀረውን ደምም በጥፍር ወይም በማንኪያ ጫፍ ፍቃችሁ እጠቡ። «ዓሳው ሸተተኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ይህን ደም የተዉት ናቸው።

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ላይ የሚያንሸራትት ዝልግልግ ነገር አለው። አንድ እፍኝ ጨው ነስንሳችሁ እሹትና እጠቡት። እስኪለቅ ድረስ ደጋግሙ። ጭቃ ጭቃ የሚለው ጣዕም በብዛት ያለው ቆዳውና ከሥሩ ያለው ስብ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ጣዕም የማትወዱ ቆዳውን ገፋችሁ አውጡት።

የበረዶ ዓሳ ከሆነ ከዋዜማው ከፍሪዘር አውጥታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። የረሳችሁ ከሆነ በፌስታል አጥብቃችሁ አስራችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አኑሩት። ሞቅ ያለ ውሃ ወይም የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማሟሟት አይሆንም። ውስጡ በረዶ እንደሆነ ውጪው ይሞቃል። ጀርም የሚራባው እዚያ ነው፤ ሥጋውም ውሃውን ለቅቆ ይልማል።

ደረጃ 2፦ ሎሚና ጨው፣ 10 ደቂቃ ብቻ

ዓሳውን ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር በሚሆን መጠን ቁረጡት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ወጡ ውስጥ ይጠፋል። የአንድ ሎሚ ጭማቂና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጉበትና 10 ደቂቃ አቆዩት።

የሎሚው አሲድ ያንን የዓሳ ሽታ የሚያመጡትን ነገሮች ይይዛቸዋል፤ ወደ አየር አይወጡም። ጨው ደግሞ ትርፉን ውሃ ከላይኛው ሥጋ ስቦ ያወጣና ጠንከር ያደርገዋል። ታዲያ ብዙ ማቆየት ይሻላል ብላችሁ አታሳድሩት። ሎሚ ያለ እሳት ሥጋውን ማብሰል ይጀምራል። ዳር ዳሩ ነጭ ሆኖ ካያችሁት አልፎበታል፤ እንዲህ ያለ ዓሳ እሳት ላይ ሲወጣ ይደርቃል፣ ይፈረፈራልም።

10 ደቂቃው ሲያልቅ ቶሎ አለቅልቁትና በጨርቅ ወይም በወረቀት አድርቁት። ማድረቁን አትዝለሉት፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ወሳኝ ነው።

ደረጃ 3፦ ጠበስ ማድረግ

መጥበሻውን በደንብ አግሉት፣ 3 ሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ዓሳውን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ በየጎኑ 1 ደቂቃ ያህል ብቻ ጠበስ አድርጉት። የምትፈልጉት ላዩ ነጭ ሆኖ ዳሩ ላይ ወርቃማ መስመር እንዲይዝ ነው። ውስጡ ጥሬ ይቆይ፤ ወጡ ውስጥ ይበስላል።

ይህ ለምን አስፈለገ? ላይኛው ሥጋ ሲጠነክር ቁራጩን አቅፎ ይይዘዋል። በረዶ ለነበረ ዓሳና ለቆሮሶ ይህን ደረጃ ባትዘሉት እመክራለሁ። ወፍራም ናይል ፐርች፣ ሃሙር ወይም አምባዛ ከሆነ ጥሬውን ወጡ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ጣዕሙም በደንብ ወጡ ውስጥ ይገባል።

ዓሳው መጥበሻው ላይ ከተጣበቀ በግድ አታላቁት። ወይ እርጥብ ነበር፣ ወይ መጥበሻው አልጋለም። ጥቂት ሰከንድ ታገሱት፣ ሲጠበስ ራሱ ይለቃል።

የተጠበሰውን ሳህን ላይ ሳይደራረብ አስቀምጡት። ጥሬው የነበረበትን ሳህን ግን ሳታጥቡ አትጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት

እውነቱን ለመናገር የዓሳ ወጥ ጣዕም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ዓሳ እንደ በግ ወይም እንደ ዶሮ ለወጡ ብዙ ጣዕም የሚያካፍልበት ጊዜ የለውም፤ ገብቶ ወዲያው ይወጣል። ስለዚህ ወጡ በራሱ ሙሉ መሆን አለበት። ለዚያ ደግሞ ያለው መንገድ ሽንኩርት ነው።

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉ። ጉልበት ከሌላችሁ በማሽን መፍጨት ይቻላል፣ ግን እንደ ጭማቂ እስኪሆን አትፍጩት። ውሃው በአንዴ ስለሚወጣ ሽንኩርቱ ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል፤ ሽታውም ጥሬ ጥሬ ይላል።

ደረቅ ድስት መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። ሽንኩርቱንና ቁንጥር ጨው ጨምሩ። ዘይት አሁን የለም። መጀመሪያ ላይ ውሃው ይወጣና ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይበዛል፣ ዓይን ያቃጥላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንፋሎቱ ይቀንሳል፣ ሽንኩርቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። ማማሰያውን ስር ስሩን ይዛችሁ አማስሉ። ስር መያዝ ሲጀምር አንድ ሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉና የያዘውን ፍቁት። ያ ቡናማ ነገር ካላረረ ጣዕም ነው፤ ወደ ሽንኩርቱ መልሱት።

በጠቅላላው ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ማብቂያው የሚታወቀው ሽንኩርቱ ወደ ቡናማነት ሲያደላ፣ በማማሰያ ስትጫኑት ሲጨፈለቅ፣ ሽታው ደግሞ ጣፋጭ ጣፋጭ ሲል ነው።

ዘይቱን ለምን እናቆያለን? ዘይት ከመጀመሪያው ከገባ የሽንኩርቱ ዳር ዳር ይጠበሳል፤ ውስጡ ግን አይላላም። የተጠበሰ ሽንኩርት ወጡ ውስጥ ተለይቶ ይንሳፈፋል። ደርቆ የተቁላላው ግን ይሟሟል፤ ወጡንም የሚያወፍረው እሱ ነው። በወጥ ውስጥ ዱቄት አንጨምርም፣ ሽንኩርቱ በቂ ነው።

ደረጃ 5፦ ዘይትና በርበሬ

ዘይቱን ጨምሩና 5 ደቂቃ አቁላሉት። ድልህ ካላችሁ አሁን ግባ በሉት፤ ጥሬነቱ በዘይት ነው የሚጠፋው።

በርበሬውን ከመጨመራችሁ በፊት እሳቱን ዝቅ አድርጉ፤ ግማሽ ስኒ ውሃም አዘጋጁ። በርበሬው እንደገባ ውሃውን ጠብ አድርጉበት። ደረቅ በርበሬ የጋለ ዘይት ላይ በሰከንዶች ውስጥ ያርራል። ያረረ በርበሬ ቀለሙ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ይመራል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። እዚህ ላይ ካረረባችሁ ወጡን በስኳር ወይም በድልህ ለመሸፈን አትሞክሩ። ከሽንኩርቱ እንደገና መጀመር ነው።

ከዚያ በኋላ በቀስታ እሳት፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ 10 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ይግቡ፤ ቀድመው ከገቡ ስር ይይዛሉ። አብሹንም አብራችሁ ጨምሩ። ሩብ የሻይ ማንኪያ ነው ያልኩት፤ ከበዛ መራራነቱ ወጡን ሙሉ ይወርሰዋል።

በርበሬው መብሰሉን በሦስት ነገር ታውቃላችሁ። ቀለሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ይለወጣል። ዘይቱ ከዳር ዳር ተለይቶ ይወጣል። ትንሽ በማንኪያ ቀምሳችሁ ምላሳችሁ ላይ ዱቄት ዱቄት ካላለ በስሏል። ሦስቱም ካልተሟሉ ዓሳ አይገባም።

አንድ ማስታወሻ፦ ብዙ ቤት የሚዘጋጅ በርበሬ ውስጡ ጨው አለው። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ።

ደረጃ 6፦ መረቁን መጨመር

ሙሉ ዓሳ ከገዛችሁ ራሱንና አጥንቱን አትጣሉት። መተንፈሻውን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ደሙን እጠቡ። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 20 ደቂቃ ቀቅላችሁ በወንፊት አጥልሉት። የዓሳ አጥንት እንደ በሬ አጥንት ረጅም ሰዓት አይፈልግም፤ ብዙ ከተቀቀለ መረቁ ይደፈርሳል፣ መምረርም ይጀምራል።

ከመረቁ ወይም ከፈላ ውሃ መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ብቻ ጨምሩና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፤ ሙቀቱ ይወርድና ወጡ እንደገና እስኪፈላ ጊዜ ይባክናል።

አሁን ውፍረቱን ፈትሹ። ማማሰያውን በድስቱ ስር ጎትቱት። መንገዱ ለአንድ አፍታ ታይቶ ቀስ ብሎ ከተዘጋ ልክ ነው። ወዲያው ከተዘጋ ቀጥኗል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ጥቂት አንተክትኩት። ለመብላት ከምትፈልጉት ትንሽ ወፈር ብሎ መገኘት አለበት፤ ዓሳው ሲገባ የራሱን ውሃ ይለቃል። «ወጤ መጨረሻ ላይ ቀጠነብኝ» የሚሉት ይህን ያላሰቡ ናቸው።

ጨውንም አሁን አስተካክሉ። ዓሳው ከገባ በኋላ ጨው ማዋሃድ ማማሰል ይጠይቃል።

ደረጃ 7፦ ዓሳውን ማስገባት

እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ወጡ እዚህም እዚያም አረፋ እያወጣ ቀስ ብሎ መንተክተክ እንጂ መንፈቅፈቅ የለበትም። ኃይለኛ ፍላት ቁራጮቹን እርስ በርስ እያጋጨ ይሰብራቸዋል።

ዓሳውን አንድ በአንድ አስተኙት። ወፍራሞቹ መሃል ላይ፣ ስሶቹ ዳር ዳር ይሁኑ፤ ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ የሚበረታው መሃል ነው። በጭልፋ ከወጡ እየቀዳችሁ ላዩ ላይ አፍስሱ። ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ክደኑ።

ከዚህ በኋላ ማማሰያውን አስቀምጡት። ስር እንዳይዝ የምትፈሩ ከሆነ ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ አወዛውዙት። ወጡ ይንቀሳቀሳል፣ ዓሳው ግን እንዳለ ይቆያል። መገልበጥም አያስፈልግም፤ በእንፋሎቱና በምታፈሱበት ወጥ ላዩ ይበስላል።

ሰዓቱ እንደ ውፍረቱ ነው፦

- ስስ ፊሌቶ (1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል)፦ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ
- ወፍራም ቁራጭ (2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል)፦ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ
- ከነአጥንቱ የተቆረጠ፦ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ

ሰዓቱን ብቻ አትመኑ። ከወፍራሙ ቁራጭ አንዱን መርጣችሁ ሹካ አስገቡና ቀስ ብላችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ጥሬ ዓሳ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፤ ሹካውንም ይይዛል። የበሰለው ግን ነጭ ሆኖ በንጣፍ በንጣፉ ይከፈታል። ያ ሲሆን አቁሙ። ሹካው ሳይነካው ራሱ ከተከፈተ አልፎበታል። ቴርሞሜትር ያላችሁ ደግሞ ወፍራሙ ቦታ ላይ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በስሏል።

አዲስ አበባ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ዱባይ ግን 100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አገር ቤት የለመዳችሁት ሰዓት ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ውስጥ ትንሽ ይበዛል። አንድ ሁለት ደቂቃ ቀድማችሁ ማየት ጀምሩ።

ደረጃ 8፦ መከለሻ፣ ሎሚና እረፍት

እሳቱን አጥፉ። ኮረሪማውንና መከለሻውን ላዩ ላይ ነስንሱ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉ፣ ድስቱን አንዴ አወዛውዛችሁ ክደኑት። 10 ደቂቃ ሳትከፍቱ ተዉት።

የነዚህ ቅመሞች መዓዛ በፍላት ስለሚተን ቀድመው ከገቡ ለጎረቤት እንጂ ለወጡ አይተርፉም። እረፍቱ ደግሞ ለዓሳው ነው። ከእሳት እንደወረደ ልፍስፍስ ያለ ነው፤ ትንሽ ሲበርድ ይጠነክርና ጭልፋ ሲነካው አይሰበርም። በሸክላ ድስት የምትሰሩ ከሆነ እሳቱን 2 ደቂቃ ቀድማችሁ አጥፉ። ሸክላ ሙቀቱን ስለሚይዝ ማብሰሉን ይቀጥላል።

ስታወጡ ሰፊ ጭልፋ ከስር አስገብታችሁ አንሱ። እንጀራው ላይ መጀመሪያ ወጡን፣ ከላዩ ዓሳውን። ጎን ለጎን ጎመን ወይም ሰላጣ ይሄድለታል።

በፍስክ የምትሰሩ ከዘይቱ ግማሹን በንጥር ቅቤ መተካት ትችላላችሁ። እኔ ግን ለዓሳ ዘይት ይሻላል እላለሁ። ቅቤ መዓዛው ኃይለኛ ነው፣ ዓሳውን ይጫነዋል።

ጥንቃቄ

- ጥሬ ዓሳ የነካ መክተፊያና ቢላ ሰላጣ አይንካ። በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ ነው።
- ጥሬ ዓሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 ቀን በላይ አታቆዩ። በ2 ቀን ውስጥ የማትሰሩት ከሆነ ወደ ፍሪዘር።
- እርጥብ ዓሳ የጋለ ዘይት ውስጥ ከገባ ይረጫል። በጨርቅ አድርቁ፣ ከራሳችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ አስተኙት፣ ልጆችን አርቁ።
- ቱናና ማኬሬል የምትጠቀሙ (ገልፍ አካባቢ የተለመደ ነው) ከገዛችሁበት ሰዓት ጀምሮ በበረዶ ያዙት። ሙቀት ላይ ከቆየ የሚፈጠርበት መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል።
- በርበሬ በነካ እጅ ዓይን አይነካም። ስታቁላሉ መስኮት ክፈቱ፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ከወጥ ቤቱ ይራቅ።
- ለልጆችና ለአዛውንት ፊሌቶ ስጡ፤ እሱንም በጣት ፈትሹት። አጥንት ጉሮሮ ላይ ከተሰካ እንጀራ ጠቅልሎ መዋጥ የባሰ ሊያስገባው ስለሚችል፣ በማሳል ካልወጣ ሐኪም ቤት ሂዱ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

*ዓሳው ተበታተነ።* ወይ ቀድሞ ገብቷል፣ ወይ ተማስሏል፣ ወይ ሎሚ ውስጥ አድሯል። አንዴ ከተበታተነ መመለሻ የለውም። ግን አይጣልም፦ አጥንት ከሌለው በሹካ ጨርሳችሁ ፈርፍሩትና እንደ ምንቸት ወጥ አቅርቡት። ጣዕሙ ያው ነው።

*ወጡ ጥሬ በርበሬ ይላል።* በርበሬው አልበሰለም። ዓሳውን በጥንቃቄ በጭልፋ ወደ ሳህን አውጡ፣ ወጡን ብቻውን 15 ደቂቃ አንተክትኩ፣ ከዚያ ዓሳውን መልሳችሁ ለማሞቅ ያህል ብቻ አቆዩት።

*ወጡ ቀጠነ።* እዚህም መፍትሔው ዓሳውን አውጥቶ ወጡን ማንተክተክ ነው። ሽሮ ወይም ዱቄት አትበትኑበት፤ ጣዕሙን ይለውጠዋል።

*ጨው በዛ።* ያልተጨመረ መረቅ ወይም ውሃ ካላችሁ ጥቂት ጨምሩና ሎሚ ጠብ አድርጉ። ድንች መክተት ብዙ ሰው ይመክራል፤ ድንቹ የሚመጠው ከፈሳሹ ጋር ያለውን ጨው ብቻ ስለሆነ የቀረው ወጥ ጨዉ ያው ይሆናል።

*ጭቃ ጭቃ ይላል።* ይህ የዓሳው የኑሮ ቦታ ጣዕም ነው፤ ከስህተታችሁ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ቆዳውንና መሃል ለመሃል የሚሄደውን ጠቆር ያለ ሥጋ አውጡ፤ ዝንጅብሉንም ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ከተረፈ

ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ አታቆዩት። ከበረደ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ እስከ 3 ቀን ይቆያል። በማግስቱ ስታሞቁ ዓሳውን ከወጡ ለዩት። መጀመሪያ ወጡን ከትንሽ ውሃ ጋር አፍሉ፣ ከዚያ ዓሳውን አስገብታችሁ እሳቱን ዝቅ በማድረግ ውስጡ ትኩስ እስኪሆን ክደኑት። ለነገ የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ፦ ወጡን እስከ ደረጃ 6 ድረስ ዛሬ ጨርሱ። ቁሌት ፍሪዘር ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ዓሳውን ነገ፣ እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ፣ ትኩሱን ታስገቡታላችሁ።